ዘይት የጠጣ የጋራዥ ወለል ምን ይቀባ?

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጋራዣችንን ወለል ቀባሁት። ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲቃረብ የማይነካ ቤት የለም። አጥር ይታደሳል፣ በር ይቀባል፣ ግቢ ይለቀለቃል። እኛም እንግዳ ስለሚበዛብን መኪናዋን ደጅ አውጥተን ጋራዡን ምሳ ማቅረቢያ ልናደርገው አሰብን። ግራጫ ሲንቴቲክ ቀለም ገዛሁ። ሻጩም "ለወለል ይሆናል" አለኝ። ወለሉን በሳሙና አጥቤ ሁለት እጅ ቀባሁት። በዓሉን በደንብ አሳመረው።

መኪናዋ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኋላ ሳወጣት ወረቀት ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ አየሁ። የፊት ጎማዎቹ ከቆሙበት ቦታ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቀለም ተገሽልጦ ወጥቷል። ቁራጩን ከጎማው ላይ ላጥኩት። በአንድ በኩል የጎማው ጥርስ ታትሞበታል። በሌላው በኩል ቡናማ ወዝ አለው። ከሥሩ የነበረው ሊሾም እንደ ድሮው ጥቁር ነው፤ በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ቀለሙ ሲጀመርም የያዘው ወለሉን ሳይሆን ዘይቱን ነበር።

ያንን ወለል በኋላ ፍቄ፣ አጥቤ፣ እንደገና ሠርቼዋለሁ። አሁን ደህና ነው። ስለዚህ "ጋራዤን ምን ልቀባው?" ለሚለኝ ሰው ስለ ቀለሙ ከማውራቴ በፊት ወለሉ ምን እንደ ጠጣ እጠይቀዋለሁ። ጋራዥ ስል መካኒክ ቤት ማለቴ አይደለም። ግቢ ውስጥ መኪና ወይም ባጃጅ የምናሳድርበትን ቤት ነው።

መጀመሪያ ጠብታውን አቁሙ

ማታ መኪናውን ስታቆሙ ከሥሩ ሰፊ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑን እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው። ከጎማ አካባቢ የወረደ፣ ጠራ ያለና የሚያንሸራትት ጠብታ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ወለሉን ተዉትና መኪናውን ዛሬውኑ መካኒክ ያሳዩ። የሚያንጠባጥብ መኪና ከላዩ እየቆመ የሚቀባ ወለል የለም።

ወለሉ ምን ዓይነት ነው? ምንስ ጠጥቷል?

አብዛኛው የግቢ ጋራዣችን ከሥር ድንጋይ፣ በላዩ ቤቶን፣ ከላይ ደግሞ ሊሾ ነው። ሊሾው ሲሠራ ግንበኛው ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶ በመደምደሚያ ብረት እያሸ ያብለጨልጨዋል። ያ የሚያብለጨልጭ ፊት ለዓይን ያምራል። ለቀለም ግን ጠላት ነው። በጣም ከመለስለሱ የተነሣ ቀለም የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። አንዳንዴም የላይኛው ቆዳ ደካማ ይሆንና ከነቀለሙ ይነሣል።

ሦስት ቀላል ሙከራዎች አድርጉ። ብር አያስወጡም።

በሻይ ማንኪያ ውሃ ንጹሕ በሚመስለውም ቦታ፣ በቆሸሸውም ቦታ ጠብ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ወለሉ ውሃውን ጠጥቶ ከጠቆረ ቀዳዳው ክፍት ነው። ውሃው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ወይ ዘይት ዘግቶታል ወይ በጣም ለስልሷል። ይህን ሙከራ በሥራው ውስጥ ደጋግማችሁ ትሠሩታላችሁና አትርሱት።

ቀጥሎ በመዶሻ እጀታ ወለሉን እየኳኳችሁ ዙሩ። ባዶ ጣሳ የሚመስል ድምፅ ካለ ሊሾው ከሥሩ ካለው ቤቶን ተላቋል ማለት ነው። እዚያ ላይ ምንም ዓይነት ውድ ነገር ብታፈሱ ከነሊሾው ይነሣል። ያንን ቦታ አፍርሱና በአዲስ ሲሚንቶ ሙሉት። አዲሱ ሲሚንቶ ቀለም ለመቀበል በተለምዶ 28 ቀን ይፈልጋል።

ሦስተኛው፣ በቁልፍ ወይም በምስማር ጫር አድርጉት። ነጭ ጭረት ብቻ ከተወ ጠንካራ ነው። ዱቄት እየሆነ ከተቆፈረ የላይኛው ፊት መነሣት አለበት።

እድፎቹንም ለዩ። ሁሉም ዘይት አይደለም። ቡርቱካናማው ዝገት ነው፤ ብረት በር ሥር ወይም ጃክ በቆመበት ይታያል። ባትሪ የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ እድፍ ብቻ አይደለም፤ አሲዱ ሲሚንቶውን በልቶታል። አሸዋው ፈጦ፣ ነጣ ብሎ፣ ጎድጎድ ብሎ ታገኙታላችሁ። እሱ በማጠብ አይመለስም፤ የላላውን ጠርጎ መጠገን ነው። ግድግዳ ጥግ ጥጉን ነጭ ጨው የመሰለ ብናኝ ካያችሁ ግን ቆም በሉ። ውሃ ከሥር እየወጣ፣ ሲደርቅ ጨዉን እየተወ ነው።

ከሥር የሚመጣው እርጥበት

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። እኔም ዘልዬው ነበር። ሁለተኛውን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሰፈራችን ያሉ አንድ አረጋዊ ግንበኛ ጠርቼ ወለሉን አሳየኋቸው። ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ከኋላ ግድግዳው ሥር አሳረፉ። "ልጄ፣ ይኸ ወለል በክረምት ያልበዋል። አፉን ብትለጉመው ይነፋብሃል" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ጎንደር ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ብዙ ቤት የሚሠራው ዳገቱን ቆርጦ ነው። ጋራዡም ከኋላው አፈር ተደግፎ ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ከላይኛው ግቢ የወረደው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ወለሉ ሥር ይመጣል። ወደ አዘዞና ጠዳ ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ከሆነ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉም አብሮ ይሰነጠቃል። ከቤቶኑ ሥር ላስቲክ ካልተነጠፈ እርጥበቱ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። የድሮ ቤቶች ውስጥ ያንን ላስቲክ ማግኘት ብርቅ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። ወፈር ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጡ። ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ግጥም አድርጋችሁ ዝጉት። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ፤ እኔ ሁለት ቀን እተወዋለሁ። ሦስት ቦታ ሞክሩ፦ በሩ ላይ፣ መሐሉ ላይና የኋላ ግድግዳው ሥር። ላስቲኩን ስታነሡ ከሥሩ ጠል ካለ ወይም ወለሉ ከአካባቢው ጠቁሮ ከታየ እርጥበቱ ከመሬት ነው የመጣው።

መቼ ትሞክሩታላችሁ? ነሐሴ ላይ። በሚያዝያ የሞከረ ሰው ሁልጊዜ ደስ የሚል መልስ ያገኛል። የወለሉ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ግን ክረምት ላይ ነው። ክረምት ላይ ሞክራችሁ በጋ ላይ ቀቡ።

ጠል ካገኛችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ቆፍሩና ውሃውን አዙሩት። የጣሪያውንም ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው አርቁ። የእኔ ወለል ከግማሽ በላይ የተሻለው በቦዩ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ከረጠበ አየር የማያሳልፍ ወፍራም ሽፋን አትቀቡ። እርጥበቱ ከሥር ገፍቶ እንደ እሳት ቁስል ውሃ ያቋጥርበታል። ለእርጥብ ቤቶን ተብሎ የተሠራ የኢፖክሲ ፕራይመር (ኢፖክሲ ከሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሽፋን ነው፤ ፕራይመር ደግሞ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው የመጀመሪያው እጅ) አለ፤ ወይም ደግሞ ኋላ የምነግራችሁን የሚሰርግ ማጠንከሪያ መጠቀም ትችላላችሁ።

ዘይቱን ማውጣት

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ከጠቅላላው ድካም ሦስት አራተኛው እዚህ ቢያልቅ አትዘኑ።

በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ዘይቱን ያቀጥነውና ይበልጥ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያም በላይ ቤንዚን በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድ የከሰል ፍም ወይም አንድ የመብራት ማብሪያ ብልጭታ ይበቃዋል። ቤት የምታህል ነገር በአንድ እድፍ አይለወጥም።

ላዩ ላይ ያለውን ወፍራም ዘይትና ግሪስ በስፓቹላ ፋቁት። ትኩስ ጠብታ ከሆነ ሰጋቱራ ነስንሳችሁ በእግር አሹበት፣ አሳድሩትና ጥረጉት። ከዚያ የዘይት ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ካገኛችሁ እሱን፣ ካጣችሁ ወፍራም የዱቄት ሳሙና በፈላ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ በጠንካራ መጥረጊያ ብሩሽ እሹት። አረፋው ቡናማ ሆኖ ሲነሣ ታያላችሁ። ሳይደርቅ አጥባችሁ አንሡት። ድገሙት። የእኔ ወለል አምስት ጊዜ ታጥቧል፤ በአምስተኛው ነው አረፋው ነጭ ሆኖ የቀረው።

"ኮስቲክ ሶዳ ጨምርበት" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ኮስቲክ ሶዳ የምግብ ዘይትንና ሞራን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ሳሙናም የሚሠራው እንዲያ ነው። የሞተር ዘይት ግን ከነዳጅ የወጣ ስለሆነ እንዲህ አይለወጥም። ቆዳን የሚልጥ ነገር ለትንሽ ጥቅም መያዝ አያስፈልግም።

ለብዙ ዓመት የጠጣ እድፍ በማጠብ ብቻ አይወጣም። ለእሱ ለጥፉበት። የጠመኔ ዱቄት ወይም ደቃቅ ሰጋቱራ በቲነር አርሳችሁ እንደ ወፍራም ሊጥ አድርጉት። እድፉ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ለጥፉትና በላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን ዝጉ። አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያ ላስቲኩን አንሥታችሁ እንዲደርቅ ተዉት። ቲነሩ ዘይቱን ያላላዋል፤ ሲተን ደግሞ ዱቄቱ ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ደርቆ ስትጠርጉት ዱቄቱ መልኩን ቀይሮ ታገኙታላችሁ። በር ክፈቱ፣ ሲጋራም ከሰልም አይቅረብ፣ ጠረጋውንም ቤት ውስጥ አትከምሩት።

ሲያልቅ አንድ ፈተና አለ። ወለሉ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ እድፉ ላይ ነጭ ሶፍት አንጥፉና ድንጋይ ጫኑበት። ጠዋት ሶፍቱ ላይ የቅባት ነጥብ ካለ ገና ነው። የውሃ ጠብታውንም ድገሙት። ሦስት ጊዜ ለጥፋችሁም ቅባቱ ከተመለሰ አትሟገቱት። ያንን ቦታ በመዶሻና በመሮ ጤነኛ ሲሚንቶ እስኪታይ ቆርጣችሁ አውጡትና ሙሉት።

ስለ ውሃው ሁለት ነገር። ይህ ሥራ ብዙ ጀሪካን ውሃ ይበላል፤ የእኛም ከተማ የውሃ ነገር ይታወቃል። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቁና በርሜሉን ሙሉ። ዘይት ያለበትን እጣቢ ደግሞ ወደ ቦዩ አትልቀቁት። የኛ ቦይ መጨረሻው አንገረብ ወይም ቃሃ ነው። በሰጋቱራ መጥጣችሁ በማዳበሪያ ከረጢት አውጡት።

የወለሉን ፊት መክፈት

ሁለት መንገድ አለ፤ አሲድና ግራይንደር። የኔን ምርጫ ልንገራችሁ፦ ግራይንደር።

አሲድ ስል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማለቴ ነው፤ የባትሪውን አይደለም። ርካሽ ነው። ግን ዘይት ባለበት ቦታ አይሠራም፤ ቅባቱ ሲሚንቶውን ይሸፍነዋልና። በተሞለጨ ሊሾ ላይም እዚህ ይበላል፣ እዚያ ይተዋል። አሲድ ካልሆነ ሌላ አማራጭ የለኝም ካላችሁ፣ መኪናውንና ብረት ያለበትን ሁሉ አስወጡ፤ እንፋሎቱ ብረት ያዝጋል። ወለሉን አስቀድማችሁ አርጥቡ። በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ በላዩ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በፍጹም ውሃ በአሲድ ላይ አይፈስስም፤ ፈልቶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከበረኪና ጋርም እንዳይገናኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። የጎማ ጓንት፣ ቦቲና መነጽር ግድ ነው። አረፋው ሲያቆም በብዙ ውሃ አጥባችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውሃ አብርዱት፣ እንደገና እጠቡት። ጥሩ የተሠራ ወለል በመዳፍ ሲዳሰስ የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል።

በግራይንደር ግን ሁሉም ቦታ እኩል ይከፈታል። የአልማዝ ጥርስ ያለው የቤቶን መፋቂያ ሳህን ይገጠምለታል። ዲስኩን ከግራይንደሩ ጋር የሚያከራዩ የሴራሚክና የቴራዞ ሠራተኞች አሉ፤ ጠይቁ። ያ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ተነሥቶ አሸዋው እስኪታይ ድረስ ብቻ ፋቁ። አቧራው ቀላል አይደለም። ውስጡ ሲሊካ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሻሽ መጠምጠም አይበቃም፤ የአቧራ ማስክ ግዙ። መብራት ከሄደ ሥራው መሐል መንገድ ላይ ቢቆም ችግር የለውም፣ ነገ ይቀጥላል። የማይቆመው የመቀባቱ ቀን ነው፤ እሱን ኋላ እናየዋለን።

አሁን ምርጫው

ወለሉ ከጸዳና ከተከፈተ በኋላ ነው "የትኛው ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው።

ሲንቴቲክ ዘይት ቀለም። ለበር ጥሩ ነው። ለጋራዥ ወለል እንዳትገዙት። ሲሚንቶ ውስጥ ኖራ አለ፤ እርጥበት ሲያገኝ የቀለሙን ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፣ ቀለሙም ይለቃል። በዚያ ላይ ከአዘዞ ፀሐይ ለፀሐይ ተነድቶ የመጣ ጎማ ትኩስ ነው። ቀለሙን ያለሰልሰውና ሲቀዘቅዝ ኩምትር ብሎ ይዞት ይነሣል። የእኔን ቀለም ከሥሩ ካለው ዘይት ጋር ተባብሮ የላጠው ይኸው ነው።

በውሃ የሚቀጥን ኢፖክሲ። ሁለት ጣሳ ነው፤ ይቀላቀላል። ሽታው ትንሽ፣ ለመቀባት ቀላል። ሽፋኑ ግን ስስ ነው፤ ሲደርቅ የአንድ ጸጉር ውፍረት ያህል ነው። ባጃጅ ወይም አንድ ትንሽ መኪና ለሚያድርበት፣ ወለሉም ጤነኛ ለሆነ ሰው በሁለት እጅ ይበቃል። መሣሪያ ለሚወድቅበት፣ ጃክ ለሚጎተትበት አይበቃም።

ቀጣኝ የሌለበት ወፍራም ኢፖክሲ። እኔ ቦዩ ወለሉን ካሻሻለልኝ በኋላ በመጨረሻ የመረጥኩት ይህን ነው። በአንድ እጅ ከ200 እስከ 300 ማይክሮን ይደርሳል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ዘይት ቢፈስበት በጨርቅ ይጠረጋል። ትንንሽ ጉድጓድ ይሞላል። እድፉን ሙሉ በሙሉ ይደብቃል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተቀላቀለ በኋላ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ያጠወልገዋል፤ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፤ ፀሐያችን ብርቱ ናት። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ በሩ አፍ ላይ ያለው አንድ ሜትር ከውስጡ የተለየ መልክ ያወጣል። ይህ ለሚከብደው ሰው በላዩ አንድ እጅ ፖሊዩሬቴን ይጨምርበት። ፖሊዩሬቴን ጭረትንም ፀሐይንም ይችላል። ጭሱ ግን ለሳንባ መጥፎ ነው፤ የጋዝ ማስክ ይፈልጋል።

ፖሊአስፓርቲክ የሚባልም አለ። በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፣ ፀሐይ አይነካውም። ውድ ነው፤ በጣም ፈጣን ስለሆነም ልምድ የሌለው እጅ ያበላሸዋል። ራሳችሁ ለምትሠሩት አልመክርም።

የሚሰርግ ማጠንከሪያ። ሲሊኬት ያለበት ፈሳሽ ነው። ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። አቧራ ያቆማል። ሽፋን ስለሌለው የሚላጥ ነገርም የለም። እርጥበትም ያስተነፍሳል። እድፍ ግን አይደብቅም፤ የነበረው ጥቁር እንዳለ ይታያል። ከሥሩ ለሚያልበው ወለል ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። "ያምራል ወይ?" ካላችሁኝ አያምርም። ግን ከዓመት ዓመት አያሳፍራችሁም።

ሴራሚክ ልናነጥፍ ያሉኝም አሉ። ከሥሩ ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ ካልተሞላ ጎማ ሲወጣበት ይሰበራል፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል። ለጋራዥ ባይሆን እመርጣለሁ።

ስንት ሊትር?

እዚህ ላይ ሰው ይታለላል። "አንድ ጋሎን ይበቃሃል" ይባላል፤ ለስንት ውፍረት እንደሆነ ግን አይነገርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር በአንድ ማይክሮን ውፍረት ለመሸፈን አንድ ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። 3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ጋራዥ 18 ካሬ ነው። 250 ማይክሮን ከፈለጋችሁ 18 ሲባዛ በ250፣ 4,500 ሚሊ ሊትር፤ አራት ሊትር ተኩል። ይህ ቀጣኝ ለሌለው ነው። ግማሹ ውሃ ወይም ቲነር የሆነ ቀለም ከሆነ ለተመሳሳይ ውፍረት እጥፍ ትገዛላችሁ፤ ግማሹ በአየር ይሄዳልና። የጣሳውን ዋጋ ሳይሆን ደርቆ የሚቀረውን ዋጋ አወዳድሩ። የተፋቀ ወለል ስለሚጠጣ አሥር በመቶ ያህል ጨምሩ።

ወፍራም ኢፖክሲ እዚህ ካጣችሁ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ታስመጣላችሁ። ሁለቱም ጣሳ፣ ዋናውና ማጠንከሪያው፣ የአንድ ምርት መሆናቸውን፣ የተመረተበትን ቀን፣ መጠኑንና የሥራ መመሪያውን ፎቶ አስልካችሁ አይታችሁ ክፈሉ። የመጣላችሁ ዋናው ጣሳ ብቻ ከሆነ ወደ ሌላ ማጠንከሪያ አትሂዱ። አይደርቅም፤ ሙጫ ሆኖ ይቀራል።

የመቀባቱ ቀን

ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለእኛ ከተማ ጥሩ ነው። ወለሉ ደርቋል፣ ሌሊቱም ሞቅ ብሏል። ለጥምቀት ማድረስ ከፈለጋችሁ ቀኑ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ብዙው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የመድረቂያው ጊዜ እጥፍ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ጀምራችሁ ከሰዓት በፊት ጨርሱ።

ጠዋት ወለሉን ሁለት ጊዜ ጥረጉና በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን አንሡ፤ ይድረቅ። ስንጥቁን በኢፖክሲ መሙያ ሙሉት። ማቀላቀያውን በእጅ ድሪል የምታዞሩ ከሆነ መብራት መኖሩን አረጋግጡ፣ ወይም በባትሪ የሚሠራ ያዙ። ሁለቱ ጣሳዎች ከተገናኙ በኋላ ማንም አይጠብቃችሁም። በቀስታ አዙሩት፤ በፍጥነት ካዞራችሁት አየር ይገባዋል። የባልዲውን ታችና ጎን እየጠረጋችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል አዋሕዱት።

አሁን በባልዲ ውስጥ አታቆዩት። ኢፖክሲ ሲደርቅ ይሞቃል፤ በባልዲ ተከማችቶ ሲቆይ ሙቀቱ ራሱን ያፋጥነዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ሮለሬን ፍለጋ ሄጄ ስመለስ ባልዲው በእጅ አይያዝም ነበር። በመስመር በመስመር ወለሉ ላይ አፍስሱት፣ በጎማ መጥረጊያ ዘርጉት፣ በሮለር አስተካክሉት። ከኋላው ግድግዳ ጀምራችሁ ወደ በሩ ውጡ። በክረምት ጫማ በጭቃ ይዘን ስለምንገባ ገና እርጥብ እያለ ደቃቅ ንጹሕ አሸዋ በስሱ ነስንሱበት፤ አያንሸራትትም።

ሁለተኛውን እጅ መመሪያው በሚለው ጊዜ ውስጥ ቀቡ፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ካለፋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ጨረፍ ጨረፍ አድርጉት። ጠዋት ስትመጡ ላዩ ላይ እንደ ሰም የሚያዳልጥ ነጭ ነገር ካገኛችሁ ሌሊቱ ቀዝቅዞበት ወይም ጠል ነክቶት ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ሳታጥቡ ከቀባችሁት ሁለተኛው እጅ ይላጣል።

ከዚያ በኋላ

በማግስቱ መሄድ ይቻላል፤ ካልሲ አድርጉ። መኪና ግን ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆይ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከነበረ እኔ አሥር ቀን እላለሁ። ጎረቤት መኪናውን በአደራ ሊያሳድርላችሁ ይችላል፤ ጠይቁ። የፍሬን ዘይት ቢፈስበት ሳይውል ሳያድር ጥረጉት፤ ቀለም ይበላል። ጃክ ስትጠቀሙ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ።

ከሁለቱም ጣሳ ትንሽ ትንሽ በየራሳቸው ብልቃጥ አስቀሩ። ሳይቀላቀሉ። በየብልቃጡ ላይ የትኛው ዋናው፣ የትኛው ማጠንከሪያው እንደሆነ፣ የቅልቅሉን መጠንና ቀኑን ጻፉበት። አንድ ቀን ቁልፍ ወድቆ ጥፍር የምታህል ቦታ ቢያነሣ በዚያው ሳምንት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ ድፈኑት፤ ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ እንደገና ሳይገባ።